ወረቀቱ ስካነር ውስጥ ከመግባቱ በፊት

አባታችን ካረፈ በኋላ ወረቀቶቹን ስካን የማድረጉ ሥራ የእኔ ሆነ። ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ ነው፣ እህቴ ሐዋሳ። ለውርሱ ጉዳይ ሦስታችንም ሰነዶቹን ማየት ነበረብን። አባባ ወረቀት አይጥልም ነበር። አንድ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ሙሉ አስቀምጦልናል። ቦርሳውን አንጠልጥዬ መሥሪያ ቤት ወሰድኩት። ከሥራ ሰዓት በኋላ ትልቁ ማሽን ላይ ከመርኩትና ቁልፉን ተጫንኩ። 140 ቅጠል ወረቀት ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ያን ማታ ለሁለቱም በቴሌግራም ላኩና ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንድሜ ደወለ። «እትዬ፣ የቤቱ ካርታ ላይ ስፋቱ ስንት ካሬ ነው የሚለው? መሃል ያለችው ቁጥር አትነበብም» አለኝ።

ፋይሉን ከፈትኩት። ቀጭን ጥቁር መስመር ከገጹ አናት እስከ ግርጌ ወርዷል። ልክ በመሃለኛዋ አኃዝ ላይ ነው ያለፈው። ቀጣዩን ገጽ ባየው እዚያም አለ። ከዚያ ቀጥሎም አለ። ከ60ኛው ቅጠል ጀምሮ እስከ መጨረሻው፣ ሁሉም ገጽ ላይ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ መስመር። እሱን ሳይ ሌላው ጉድለት ተከትሎ ታየኝ። የሽያጭ ውሉ ጀርባ ላይ የምስክሮች ፊርማ አለ፤ እኔ ግን የፊቱን ብቻ ነው ያነሳሁት። ሐምራዊው የቀበሌ ማህተም በጥቁርና ነጭ ስለተነሳ ቦታው ላይ ብጥስጣሽ ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል።

ያዳነኝ ወረቀቶቹን አለመጣሌ ነው። ሁለተኛውን ዙር በሦስት እሁድ ጨረስኩት። ከሦስቱ እሁዶች ማሽኑ የሠራው ተደምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። የቀረው ጊዜ በሙሉ ወረቀት በመምረጥና በማዘጋጀት ሄደ። እንዲህ ያለ ቦርሳ ወይም ሳጥን ያለው ቤት ብዙ ስለሆነ፣ ከዚያ ሥራ የተማርኩትን በዝርዝር ልንገራችሁ።

ማሽኑ እንዴት ነው የሚያየው?

ስካነር በሁለት መንገድ ይሠራል። ባለ መስታወቱ ክዳኑ ተከፍቶ ወረቀቱ በፊቱ የሚደፋበት ነው። ወረቀቱ ተኝቶ ይቆያል፤ ከመስታወቱ ሥር ያለው መብራትና ዓይን ነው የሚሄደው። ሁለተኛው ወረቀት ተከምሮለት በራሱ እየሳበ የሚያስገባው ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዓይኑ አንድ ቦታ ቆሞ ይጠብቃል፣ ወረቀቱ በፊቱ ያልፋል።

ይቺ ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ የእኔን መስመር ያመጣችው ግን እሷ ናት። ባለ መስታወቱ ላይ ትንሽ ቆሻሻ ቢኖር ምስሉ ላይ አንዲት ነጥብ ሆኖ ይቀራል። በሳቢው ማሽን ግን ወረቀቱ በሙሉ በዚያች ነጥብ ፊት ስለሚያልፍ ነጥቧ ተጎትታ መስመር ትሆናለች። የማሽኑን ክዳን ከፍቼ ዓይኑ ያለበትን ቀጭን መስታወት በጥፍሬ ስዳስስ የጤፍ ፍሬ የምታክል ሻካራ ነገር አገኘሁ። አቧራ የያዘች የሙጫ ጠብታ ናት። ከየት መጣች? 59ኛው ቅጠል የአባባ የቆየ የሥራ ቅጥር ፎርም ነበር። ጉርድ ፎቶው በሙጫ ተለጥፎበታል። ወረቀቱ በጎማዎቹ መሃል ተጭኖ ሲያልፍ የሙጫው ጠርዝ ለቆ መስታወቱ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለፉት 81 ቅጠሎች ሁሉ ዋጋውን ከፈሉ።

ጎማዎቹንም ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ጎማ ወረቀት ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ ሌላው ተከትሎ ሊገባ የሚፈልገውን ወደ ኋላ ይይዛል። ወረቀት ከወረቀት የሚለየው በዚህ መጓተት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ አቧራ ከያዘ፣ ከረጠበ ወይም ከተጣበቀ፣ ወይም ጎማው አርጅቶ ከለሰለሰ፣ ሁለት ቅጠል አብሮ ይገባል። አብሮ ሲገባ የሚታየው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ምንም ምልክት ሳይተው ይዘለላል። ይህ ከመስመሩም የባሰ ነው፤ መስመር ቢያንስ ዓይን ይስባል።

ሻል ያሉት ማሽኖች ይህን በድምፅ ይቆጣጠራሉ። ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ በወረቀቱ ውስጥ ያሳልፋሉ። አንድ ቅጠል ሲሆን ድምፁ እንደተለመደው ያልፋል። ሁለት ሲሆኑ በመሃላቸው ያለው ስስ አየር ድምፁን ያዳክመዋል፣ ማሽኑም ሁለት ወረቀት ገባ ብሎ ይቆማል። ፎቶ የተለጠፈበት ፎርም፣ ማስታወሻ የተለጠፈበት ደብዳቤ፣ በፕላስተር የተጠገነ ወረቀት ማሽኑን ቀጥ የሚያደርገውም ለዚህ ነው። ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ። ተደራርቦ ያገኘውን ነገር ነው ሁለት ብሎ የቆጠረው።

የትኛው ይቅደም?

መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ዋና ዋናዎቹን ማስቀደም ነው። ካርታ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ዲፕሎማ፣ ውክልና። ትክክል ነው፤ ግን ከእነሱ የሚቀድም አንድ ክምር አለ። በራሱ ጊዜ እየጠፋ ያለው።

የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ደረሰኝ፣ የባንክ ማሽን የሚሰጠው ቁራጭ፣ የድሮ ፋክስ፣ እነዚህ የሚታተሙት በቀለም አይደለም። ወረቀቱ ራሱ በሙቀት የሚጠቁር ኬሚካል ተቀብቷል፤ ማሽኑ በጋለ ጫፍ ነክቶ ነው ፊደሉን የሚያወጣው። ስለዚህ ሙቀት፣ ፀሐይ፣ የፕላስቲክ ማቀፊያና ሙጫ ይጎዱታል። ፊደሉ እየገረጣ ይሄድና አንድ ቀን ባዶ ወረቀት ይሆናል። ላሚኔት ላድርገውና ላቆየው ብትሉ ደግሞ የላሚኔቱ ሙቀት ወረቀቱን በሙሉ ያጠቁረዋል። አንድ ባልደረባዬ የዋስትና ደረሰኙን እንዲህ አድርጎ አጥፍቶታል።

እኔ በመጀመሪያው ዙር አንዲት እንዲህ ያለች የክፍያ ደረሰኝ አግኝቼ ነበር። ቁጥሮቿ ገርጥተዋል፣ ግን ይነበቡ ነበር። ቁራጭ ወረቀት ናት ብዬ ዘለልኳት። ለሁለተኛው ዙር ስመለስ በመስኮት በኩል ፀሐይ የሚያገኘው ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ነጭ ሆናለች። በመብራት ባየው፣ አዘንብዬ ባየው፣ የለም። የገንዘቡ መጠን አሁንም ይቆጨኛል። ስለዚህ ቦርሳውን ስትከፍቱ በመጀመሪያ የገረጣውን፣ የሚፈረፈረውንና የረጠበውን ለዩ። ካርታው ለሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል፤ ደረሰኙ ላይደርስ ይችላል።

ከዚያ ዋና ዋናዎቹ ይምጡ። ለእነዚህ የእኔ መለኪያ አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ወረቀት ዛሬ ቢቃጠል መልሼ ለማውጣት ስንት ቢሮ እዞራለሁ? ብዙ የሚያዞረው ይቅደም።

የማያስፈልገውን ለመተው ድፍረት ይኑራችሁ። አንዱ ደብዳቤ በአምስት ፎቶ ኮፒ ይገኛል፤ ጥርት ያለውን አንዱን ውሰዱ። ባዶ ፎርም፣ የተከፈለ የድሮ የመብራት ቢል፣ የስብሰባ ጥሪ ይቅር። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፎቶ ኮፒ ነው ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት ኦሪጅናሉ መኖሩን አረጋግጡ። አንዳንዴ በቤቱ የቀረው ብቸኛ ቅጂ ያ የደበዘዘ ኮፒ ነው። ኮፒው ላይ በእስክርብቶ የተጻፈ ነገር ካለም ከኦሪጅናሉ የተለየ ሰነድ ሆኗል ማለት ነው።

ወደ ሳቢው ማሽን የማይገቡ

የምወስነው በእጄ ነው። ወረቀቱን በሁለት ጣት ይዤ ቀስ አድርጌ አርገበግበዋለሁ። እንደ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ከሆነ፣ ማለትም በካሬ ሜትር 80 ግራም አካባቢ የሚመዝን ጤነኛ ኤ4 ከሆነ፣ ይግባ። ከዚያ ብዙ ከሳሳ፣ ከወፈረ፣ ከተቀደደ ወይም ሲታጠፍ ከተንኮሻኮሸ ባለ መስታወቱ ላይ ይተኛ።

ስስ ወረቀት ስል ዋናው የድሮው ካርቦን ኮፒ ነው። በታይፕራይተር ሲጻፍ ከሥር ተደርቦ የወጣው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች በቤት የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መልክ ነው። እሱን ጎማ ከያዘው ይሸበሸባል፣ አንዳንዴም ለሁለት ይቀደዳል። ፎቶግራፍ፣ ፓስፖርት፣ የጡረታና የእድር ደብተር፣ ላሚኔት የተደረገ ዲፕሎማ፣ ፎቶ የተለጠፈበት ፎርም፣ ሁሉም ባለ መስታወቱ ላይ። የብራና ጽሑፍ ካላችሁ ደግሞ ጨርሶ ማሽን ውስጥ አታስቡት። ብራና ቆዳ ነው፤ መጫንም ኃይለኛ ብርሃንም አይወድም። ገልጣችሁ፣ ሳትጫኑ፣ በቀን ብርሃን ጥላ ሥር በካሜራ አንሱት።

ሌላው በጥብቅ የማስጠነቅቀው ውል ነው። አንዳንድ ባለ ብዙ ገጽ ሰነድ ገጾቹ በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ማህተም ያርፍበታል። ግማሹ በአንዱ ገጽ፣ ግማሹ በሌላው። ይህ የተደረገው ማንም ገጽ እንዳይቀይር ነው። ለስካን ብላችሁ የስቴፕለሩን ሽቦ ከነቀላችሁት በኋላ ማህተሙ ገጥሞ ቢመለስ እንኳ፣ ቀዳዳው ሁለት ቦታ ሲታይ «ይህ ለምን ተፈታ?» የሚል ሰው ይመጣል። እንዲህ ያለውን አትፍቱ። እንደተያያዘ ገልጣችሁ ባለ መስታወቱ ላይ አንሱት። ጠርዙ ትንሽ ቢጨልምም ይሻላል።

የጠረጴዛው ሥራ

ይህኛው ክፍል ነው እሁዶቼን የወሰደው፣ በዝርዝር ልንገራችሁ።

የስቴፕለር ሽቦ በፊት ለፊት ተይዞ ሲጎተት ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ገልብጡት። ከጀርባ የታጠፉትን ሁለት እግሮች በቀጭን ደነዝ ነገር ቀና አድርጓቸው፤ ከዚያ ከፊት በቀላሉ ይወጣል። የዛገ ከሆነ በሽቦውና በወረቀቱ መካከል መጀመሪያ ቁራጭ ካርድ አስገቡ፤ ካርዱ የጥፍራችሁንና የቢላዋውን ጫና ይቀበላል። በድሮ ቢሮ ወረቀት የሚያያዘው በስፒል ነበር። ስፒል ሲዝግ ወረቀቱን ነክሶ ይይዛል። ወደ ኋላ ቀጥ አድርጋችሁ ከመሳብ ይልቅ ትንሽ ትንሽ እያሽከረከራችሁ አውጡት። አንድም ሽቦ እንዳይቀር ጣታችሁን በግራ ጥጉ ላይ አሳልፉ፤ ዓይን የዘለለውን ጣት ያገኘዋል። አንዲት የተረሳች ሽቦ መስታወቱን ትቧጥጣለች። ቧጨራው ደግሞ እንደ ሙጫው አይጠረግም፤ መስመሩ የዘላለም ነው።

እጥፋት ሌላው ጉዳይ ነው። የአባባ ካርታ አራት ቦታ ታጥፎ ለዓመታት ቦርሳ ውስጥ ኖሯል። እጥፋቱ ጉብ ስላለ ጥላ ይጥላል፣ ጥላው ደግሞ ጽሑፍ ይበላል። ቀስ ብዬ ዘርግቼ በሁለት ንጹህ ነጭ ወረቀት መሃል አስገባሁት። ላዩ ላይ ከባድ መዝገበ ቃላትና ሁለት የድሮ ዓመታዊ ሪፖርት ጫንኩበት። ከእሁድ እስከ እሁድ ተውኩት። ሲወጣ ሙሉ በሙሉ ባይስተካከልም መስታወቱ ላይ ተኛልኝ።

ካውያ የሚጠቀሙ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። የፎቶ ኮፒና የሌዘር ፕሪንተር ጽሑፍ በሙቀት የተጣበቀ የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ ካውያው መልሶ ያቀልጠውና ከላዩ ካለው ነገር ጋር ያጣብቀዋል። የሙቀት ወረቀቱማ የሚሆነውን አይተናል።

ክረምት ላይ ከሆነ ወይም ሳጥኑ መሬት ላይ የቆየ ከሆነ እርጥበት አለ። የረጠበ ወረቀት ጎማው ላይ ይንሸራተታል፣ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል። በጥላ፣ አየር በሚያልፍበት ክፍል፣ ተራርቆ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይሸሻል። ሻጋታ የያዘውን ከሌላው ለዩ፤ ሲደርቅ ውጭ ወጥታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። ከነሻጋታው ማሽን ውስጥ ከገባ ወደ ሌላውም ወረቀት ይዛመታል።

የተጠማዘዘ ጥግ ይቅና። ፍሉድ የተቀባ ቦታ ካለ መድረቁንና አለመፈርፈሩን በጣት ነክታችሁ እዩ። የተቀደደውን በፕላስተር ለመጠገን አትቸኩሉ። ፕላስተሩ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ፊደሉን ይዞ ይነሳል። ሁለቱን ቁራጭ ባለ መስታወቱ ላይ ገጥማችሁ አንሱ፤ በቂ ነው።

የሚገባው ክምር ሲዘጋጅ በመጠን ለዩት። ኤ4 ከኤ4፣ ግማሽ ወረቀት ከግማሽ። ማሽኑ ላይ ወረቀቱን ከግራና ከቀኝ የሚይዙት ሁለት ክንፎች የሚስተካከሉት ለአንድ ስፋት ነው። ጠበብ ያለው ወረቀት በመሃላቸው ሲዋልል ጠምሞ ይገባል። ከዚያ ክምሩን በአንድ ጠርዝ ይዛችሁ እንደ መጽሐፍ ገጽ አርገብግቡት። መሃሉ አየር ሲገባ የተጣበቀው ይላቀቃል። ጠርዙን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ማሽኑ 50 ይችላል ቢላችሁም ለቆየ ወረቀት 20 እና 25 ይበቃል። ከመጀመራችሁ በፊት ዓይኑ ያለበትን ቀጭን መስታወት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። አልኮል የሚያስፈልግ ከሆነ ጨርቁ ላይ ይሁን፣ መስታወቱ ላይ አይፍሰስ። በየክምሩ መሃል ደግማችሁ ጥረጉ። እኔ ይህን አንዴ አድርጌው ቢሆን ኖሮ 81 ገጽ አይበላሽብኝም ነበር።

ማህተሙና ፊደሉ

ጥቁርና ነጭ ማለት በእርግጥም ጥቁርና ነጭ ማለት ነው። ማሽኑ እያንዳንዷን ነጥብ አይቶ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ብሎ ይወስናል፤ መሃል ሰፋሪ የለም። የገረጣ ሐምራዊ ማህተም ግማሹ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ግራጫው ይሻላል፤ ግን በሰማያዊ እስክርብቶ የተፈረመ ፊርማ ከጥቁሩ ጽሑፍ አይለይም። ማህተም፣ ቲተር ወይም ፊርማ ያለበት ወረቀት ሁሉ በቀለም ይነሳ። በአገራችን ይህ ማለት ሁሉም ማለት ነው።

ደረቅ ማህተም ግን በቀለምም አይወጣም። ቀለም የለውማ። ያለው ጉብታና ጎድጓዳ ነው፤ የስካነር መብራት ደግሞ ጥላ እንዳይጥል ሆኖ የተሠራ ነው። መፍትሔው ወረቀቱን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርጎ፣ በስልክ ማንሳት ነው። ጉብታው ጥላ ይጥልና ማህተሙ ይነበባል። ያን ፎቶ ከስካኑ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ። እርሳስ እየፈተጋችሁ ለማውጣት አትሞክሩ፤ ኦሪጅናሉን ነው የምታበላሹት።

ቀጥሎ የጥራት መጠን። ዲፒአይ የሚባለው በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሳንቲሜትር፣ ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚነሳ ነው። ለሰነድ 300 ጥሩ ነው። አንድ ኤ4 በ300 ሲነሳ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል። 600 ስታደርጉት ነጥቡ በቁመትም በወርድም እጥፍ ስለሚሆን ብዛቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ፋይሉም ይከብዳል። 600ን ለፎቶግራፍና በጣም ለደቀቀ ጽሑፍ አስቀምጡት።

ከ300 በታች አትውረዱ የምለው በፊደላችን ምክንያት ነው። የላቲን ፊደል ቢደበዝዝ ቅርጹ ከቅርጹ ይራራቃል። የእኛ ግን ከቤት ቤት የሚለየው በአንዲት ጭረት ነው። በ እና ቡ፣ ነ እና ኑ፣ ለ እና ሉ፤ ከጎኗ ያለችው ቅጥያ ከጠፋች ስም ይቀየራል። በአንድ ፊደል የተነሳ «ስሙ አይገጥምም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ስንቱን እናውቃለን። ኮምፒዩተሩ ጽሑፉን እንዲያነብላችሁ የምትፈልጉ ከሆነም ይህቺን ጭረት ማየት አለበት። ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ በጥራት የተነሳ የታተመ ጽሑፍ ከሰጣችሁት ጥሩ ይሠራል፣ የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን አትመኑት።

ስስ ወረቀት በሁለቱም ገጽ ከተጻፈበት የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ያልፋል። ከጀርባው ጥቁር ወረቀት ደርቡበት። ነጩ የስካነር ክዳን ብርሃኑን መልሶ ስለሚልክ ነው የጀርባው ጽሑፍ የሚታየው፤ ጥቁሩ ብርሃኑን ይውጠዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ማሳነስ። ፋይል ሲከብድ ማሽኑ እንዲያሳንሰው እናዘዋለን። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪዜል የሚባል ጀርመናዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ አንድ የሕንፃ ፕላን በዜሮክስ ወርክሴንተር ማሽን ስካን ሲያደርግ አንድ እንግዳ ነገር አገኘ። የሦስት ክፍሎች ስፋት በወረቀቱ ላይ 14.13፣ 21.11 እና 17.42 ይላል። በስካኑ ላይ ሦስቱም 14.13 ሆነዋል። ያልደበዘዙ፣ ጥርት ያሉ፣ የተሳሳቱ ቁጥሮች። ምክንያቱ ጄቢግ2 የሚባለው የማሳነሻ ዘዴ ነበር። ይህ ዘዴ ገጹ ላይ የሚመሳሰሉ ቅርጾችን ይፈልግና አንዱን በሌላው ቦታ ይጠቀማል። ተመሳሰሉ ብሎ ያመነው ነገር ካልተመሳሰለ ቁጥር ይቀየራል። ኩባንያው በኋላ ማስተካከያ አውጥቷል። እኔ ግን ይህን ካወቅሁ ወዲህ በጣም የተጨመቀ ፋይል ላይ ያለ የካሬ ሜትር ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ሳላስተያይ አልልክም።

ቴሌግራምም ያሳንሳል። በፎቶ መልክ ስትልኩ ብዙ ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ነጥብ ገደማ ያወርደዋል። 3508 የነበረው ማለት ነው። በፋይል መልክ ላኩት፤ እንዳለ ይደርሳል።

ቆጥሮ ማስገባት፣ ቆጥሮ ማውጣት

ክምሩን ከማስገባታችሁ በፊት ቁጠሩት። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። 24 ቅጠል በሁለቱም ገጽ ከገባ 48 ምስል መውጣት አለበት። 46 ከወጣ የሆነ ቦታ ሁለት ቅጠል አብሮ ገብቷል። ይህን ለማመን ባዶ ገጽ በራሱ የሚጥለውን ምርጫ ማጥፋት አለባችሁ። ይህ ምርጫ የገረጣ የጀርባ ፊርማንም ባዶ ብሎ ይጥለዋል። ሁሌም ሁለቱንም ገጽ አንሱ። ባዶውን በኋላ ራሳችሁ አይታችሁ ትሰርዛላችሁ።

ሙሉውን ክምር ከመጀመራችሁ በፊት በጣም የከፋውን አንድ ወረቀት ለሙከራ አንሱ። ስክሪኑ ላይ አሳድጋችሁ በጣም ትንሿን ቁጥርና የማህተሙን ዙሪያ ጽሑፍ አንብቡ። እሱ ከተነበበ ሌላው ይነበባል።

ፎቶ ኮፒ ቤት የምታስነሱ ከሆነ ከጎን ቁሙ። ፋይሉ የሚቀመጠው ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒዩተር ላይ ነው። ሲያልቅ እንዲጠፋ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያውም እንዲወጣ ጠይቁ። የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ ፊርማና ማህተም አንድ ላይ ያለበት ፋይል ነው።

ለፋይሉ ስም ስትሰጡ ዓመቱን አስቀድሙ፤ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ ምንነቱ። 1998_05_12_የሽያጭ ውል። እንዲህ ሲሆን በራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋል። የትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አንዴ ወስናችሁ በዚያው ጽኑ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ 1998 ሲያይ የእነሱን መስሎት ነበር። አሁን መጨረሻው ላይ ዓ.ም. እጨምራለሁ። አንዳንድ የማመልከቻ ድረ ገጾች የግዕዝ ፊደል ያለበትን የፋይል ስም አይቀበሉም፤ ለእነሱ የሚላከውን ብቻ በላቲን ፊደል ሰይሙት።

ወረቀቶቹ በየዓይነታቸው በወረቀት ፖስታ ገብተዋል፣ ያለ ስቴፕለር፣ ያለ ፕላስተር። በየፖስታው ላይ የፋይሉን ስም በእርሳስ ጻፍኩበት። ቢሮዎቻችን ኦሪጅናሉን ከኮፒው ጋር ማየት ይፈልጋሉና ስካኑ አለ ተብሎ አይጣልም። ፋይሎቹ አንድ እኔ ጋ፣ አንድ እህቴ ጋ ሐዋሳ፣ አንድ ወንድሜ ጋ አሉ።

በሦስተኛው እሁድ ማታ ካርታውን በፋይል መልክ ላኩለት። ወዲያው ደወልኩና ወረቀቱን በእጄ ይዤ፣ «የስፋቱን ቁጥር አንብብልኝ» አልኩት። ትንሽ ቆየ፣ እያሳደገው ነበር።

«አንድ መቶ ሰባ አምስት» አለ።

እጄ ላይ ያለውም 175 ነው። «ጀርባውንም ግለጥ» አልኩት፣ ወደሚቀጥለው ሄድን።